የ17 ቁጥር ኮምፒዩተር ጣጣ

ኮሌጅ የተማረ ሰው ሁሉ የኮምፒዩተር ላብ በር ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ያውቀዋል። ላሚኔት ተደርጓል፤ ከላይ በደማቁ «ማሳሰቢያ» ይላል፤ ከታች ክብ ማኅተም አርፎበታል። እኔ የተማርኩበት፣ ወላይታ ሶዶ ያለ ኮሌጅ የለጠፈው እንዲህ ይል ነበር፦ ጫማ አድርጎ መግባት ክልክል ነው። ፍላሽ መሰካት ክልክል ነው። ሶፍትዌር መጫን ክልክል ነው። ፊልምና ሙዚቃ ማውረድ ክልክል ነው። አንድ ኮምፒዩተር ላይ ለሁለት መቀመጥ ክልክል ነው። ምግብ፣ መጠጥ፣ ስልክ ቻርጅ ማድረግ፣ ጮክ ብሎ ማውራት፣ ሁሉም ክልክል። በመጨረሻው ተራ ቁጥር ደግሞ በመዝገቡ ላይ ስሙን ያሰፈረ ተማሪ በያዘው ኮምፒዩተር ለሚደርሰው ማንኛውም ችግር ተጠያቂ እንደሚሆን ተጽፏል። የኔ ጣጣ የተቋጠረው እዚህች መጨረሻዋ ላይ ነው። እሷ ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ሌሎቹም የምለው አለኝ።

የጫማው ትእዛዝ ትክክል ነበር። የግቢያችን መንገድ በበጋ ቀይ አቧራ፣ በክረምት ቀይ ጭቃ ነው። አዲስ ገቢዎች ግን የሚታያቸው በር ላይ የተከመረው ጫማ ስለሆነ ሁልጊዜ ያጉረመርሙ ነበር። አንድ ቅዳሜ የላቡ ኃላፊ አንዱን ሲፒዩ በካቻቪቴ ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አጋደሙትና ጠሩን። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የማራገቢያው ክንፎች በቀይ አቧራ ተሸፍነው መልካቸው ጠፍቷል፤ በጣታቸው ሲገፏት እንኳ ግማሽ ዙር ሄዳ ትቆማለች። በብሎወር ሲነፉት ክፍሉ ሁሉ አስነጠሰ። «ይኼ ነው ማሽኑን አሙቆ የሚያጠፋው፤ እናንተ መብራት የሄደ ይመስላችኋል» አሉን። ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ከነበርነው መሀል ጫማውን ሳያወልቅ የገባ አላየሁም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን አሁንም «ክልክል ነው» ብቻ ነው። ምክንያቱ ያለው ጋሼ ጋ ነው፤ ጋሼ የዓመት ፈቃድ ሲወጡ ምክንያቱም አብሯቸው ይወጣል።

ፍላሽም እንዲሁ። ክልከላው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ያንን ሾርትከት የሚሉትን ቫይረስ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ፍላሹን ሰክተህ ስትከፍት ፎልደሮችህ በሙሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ታገኛቸዋለህ፤ እውነተኞቹ ፋይሎች ተደብቀዋል፤ ሾርትከቱን የነካህ ዕለት ደግሞ ቫይረሱ ወደ ማሽኑ ይጋባል፤ ከማሽኑ ወደሚቀጥለው ሰው ፍላሽ። አንድ ተማሪ የሲኒየር ወረቀቱ ጠፋብኝ ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ጋሼ የተደበቀውን በትእዛዝ መስመር አውጥተው ሲሰጡት እጃቸውን ሊስም ምንም አልቀረው። እንግዲህ ክልከላው ልክ ነው። ግን ተማሪ የጻፈውን አሳይንመንት በምን ይዞ ይውጣ? ላቡ ውስጥ ፕሪንተር የለም። ኢሜይል ላይ አያይዞ ለመላክ ኢንተርኔቱ ያስጠብቃል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ጋሼ ዞር ሲሉ ጠብቆ ፍላሹን ይሰካ ነበር፤ ቫይረሱም በድብቅ ስለሚሄድ ማን ከየት እንዳመጣው አይታወቅም። አንዲት ማሽን ለብቻዋ ለፍላሽ ማጣሪያ ብትመደብ፣ አንቲቫይረሷ ቢታደስ፣ «ፍላሽህን መጀመሪያ እዚህ አጣራ» ቢባል ነገሩ ያልቅ ነበር።

ስለ ሶፍትዌሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ሲያነሡት ሰምቼ አላውቅምና። የወላይታ ቋንቋ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። የወላይትኛ ክፍል ተማሪዎች ቁጭ ብለው አሳይንመንታቸውን ይጽፋሉ፤ ኪቦርዱ ላይ ያለው ፊደል ይበቃቸዋል። አማርኛ የሚጽፈው ግን የግዕዝ ፊደል ማስገቢያ ያስፈልገዋል። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህም የአማርኛ ኪቦርድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ማብራት ብቻ ነው የሚፈልገው። የኛ ማሽኖች ላይ ግን ቅንብሩ ተቆልፏል፤ ፓወር ግዕዝ የሚባለው ማስገቢያ እንዳይጫን ደግሞ መጫን ክልክል ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ተማሪ በእጁ ጽፎ ከግቢ ውጭ ላለ ጸሐፊ በገጽ እየከፈለ ያስተይብ ነበር። ሕጉን የጻፈው ሰው ይህን አስቦ አይደለም፤ ያሰበው የተሰረቀ ሶፍትዌርና ጌም ነው። ሳያስበው ግን የአማርኛ ተማሪ ኪስ ውስጥ ገባ።

እኔ የተበላ ልጅ ነኝ። ተበላ የሁምቦ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው በኩል፣ ሃያ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው። የሳምንት መጨረሻ ተማሪ ስለነበርኩ ቅዳሜ በማለዳ ከተበላ መናኸሪያ ሚኒባስ እይዛለሁ። ሚኒባስ ካልሞላ አይነሣም፤ ላቡ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀድሞ ያልደረሰ ማሽን አያገኝም። ለሁለት መቀመጥ ክልክል ስለሆነ የዘገየው ኮሪደር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ያን ዓመት፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ጥበቃው የከፋው በመውጫ ፈተናው ምክንያት ነው። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በመላ አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ፤ በኮምፒዩተር ነው፤ ሃምሳ ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ከኛ ባች ማውስ ይዘው የማያውቁ አሉ። በወረቀት ቢሆን የሚያልፉት ሰዎች ስክሪን ላይ የሚጠፋ ሰዓት እያዩ መልስ መምረጥ ነው ያስፈራቸው። ስለዚህ ላቡ ለኛ የመለማመጃ ሜዳ ነው፤ ከላብ መታገድ ማለት ከፈተና መታገድ ማለት ነው ብል አላጋነንኩም።

የመግቢያው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ማሽኖቹ በሙሉ አንድ ዩዘርኔም ነው ያላቸው፤ ስቱደንት ይባላል። ፓስዎርዱም አንድ ነው፤ ነጭ ሰሌዳው ጥግ ላይ በማርከር ተጽፏል። ማን ምን እንደሠራ ማሽኑ የሚለይበት መንገድ የለም። የሚለየው መዝገቡ ነው፤ ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ በማስመሪያ የተሰመረ ትልቅ ደብተር። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ የማሽን ቁጥር፣ የገባበት ሰዓት፣ ፊርማ። የወጣበት ሰዓት የሚል ዓምድ አልነበረውም። መዝገብ ማመን የቆየ ልማዳችን ነው። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. በቴሌ በኩል ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ የኢንተርኔት ካፌ ባለቤቶች የተጠቃሚውን ስምና አድራሻ እንዲመዘግቡ ታዘው ነበር። ደብተር ርካሽ ነው፤ መብራት ሲሄድም አይጠፋም። ደብተሩን አልጠላውም፤ የሚነግረን ማን እንደገባ ብቻ መሆኑን ግን ማወቅ አለብን።

የዚያን ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ፈርሜ 17 ቁጥር ላይ ተቀመጥኩ። የተግባር ጥያቄዎች እየሠራሁ ሳለሁ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ መብራት ሄደ። ዩፒኤስ የነበራቸው ሁለት ሦስት ማሽኖች ትንሽ ጮኸው ዝም አሉ። ጋሼ «ልጆች፣ ጀነሬተሩ ለሬጅስትራር ካልሆነ አይነሣም ተብሏል፤ ነዳጅ የለም፤ የሩቅ ሰው ይሂድ» አሉ። የሩቅ ሰው እኔ ነኝ። ቦርሳዬን አንሥቼ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ፤ የተበላ ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው ደረስኩና ቤቴ ገባሁ። ሠፈር ካለችው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ወስጄ በቴሌብር ከፈልኩ። ይህቺ ስኳር ኋላ የምታወጣኝ መሆኗን ማን ያውቃል።

በሚቀጥለው ሳምንት ስመጣ ስሜ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። ከነአባቴ፣ ከነመታወቂያ ቁጥሬ፣ «የኮምፒዩተር ላብ ደንብ በመተላለፍ» በሚል፣ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ፊት እንድቀርብ የሚል። ሰዎች ቆመው ያነባሉ፤ ስደርስ ገለል ይላሉ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ተበላ የማስተምራቸው ልጆች ታላላቆቻቸው እዚያው ኮሌጅ ይማራሉ። ማታውን ወሬው ከኔ ቀድሞ ተበላ እንደሚገባ አውቄያለሁ፤ ገብቷልም።

ጥፋቱ ምንድን ነው? ያን ቅዳሜ ሬጅስትራር የተማሪ ውጤት የሚያስገባበት የመጨረሻ ቀን ኖሯል። ጀነሬተር ለዚያ ተነሣ። ጀነሬተር ሲነሣ ላቡም አብሮ በራ፤ መስመሩ አንድ ነውና። ሬጅስትራር ኢንተርኔቱ አልሄድ አለው። ቴክኒሻን ተጠርቶ ሲያይ አንድ ማሽን መስመሩን ብቻውን ጠጥቶታል፤ 17 ቁጥር። ቢከፈት ውስጡ ተከታታይ ፊልም፤ ክፍል በክፍል፣ እየወረደ። መዝገቡ ሲገለጥ ከ17 ቁጥር ጎን ያለው የመጨረሻ ስም የኔ ነው። መብራት የመጣ ጊዜ የገቡት ልጆች ደብተሩን ማንም አላስፈረማቸውም፤ ጋሼ ጀነሬተሩ ጋ ነበሩ።

ማታ አጎቴ ቤት ሄድኩ። አጎቴ ሁምቦ ተራራ ላይ ያለውን ደን ከሚጠብቁት ማኅበራት የአንዱ አባል ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ፊልሙን አውርደሻል ወይ?» አይደለም። «ደንባችሁ ምን ይፈቅዳል?» ነው ያሉኝ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የሚፈቀድ አንድም ነገር ግን ላገኝ አልቻልኩም።

ይህን ጥያቄ ማንም አጎት አይጠይቅም፤ እሳቸው የጠየቁኝ የሁምቦ ሰው ስለሆኑ ነው። የኛ ተራራ አንድ ዘመን ተራቁቶ ነበር፤ ከብት ይለቀቅበታል፣ ከሰል ይከሰልበታል፣ ክረምት ሲመጣ አፈሩ ይናዳል። ወርልድ ቪዥንና የአካባቢው ገበሬ ተነጋግረው 2,728 ሄክታር ተከለለ። በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከፋፍሎ፣ ከመሬት በታች ያልሞተው ጉቶ እየተገረዘ እንደገና እንዲያድግ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በኪዮቶ ስምምነት ሥር ተመዝግቦ፣ በአፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ የደን ካርቦን ፕሮጀክቶች አንዱ ሆነ፤ ደኑ ከያዘው ካርቦን 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ሊገዛ ተዋዋለ። ይኼ ሁሉ የውጭ ሰው የሚያውቀው ነው። አጎቴ የሚያውቁት መተዳደሪያ ደንቡን ነው። ከብት አይገባም፤ ሣር ግን አጭደህ ተሸክመህ ትወስዳለህ። ዛፍ አይቆረጥም፤ ሲገረዝ የወደቀውን ቅርንጫፍ ግን ለማገዶ ትወስዳለህ። «እንዳትነካ ብቻ ቢሉን ኖሮ ሌሊት እንነካው ነበር» አሉኝ። «ምን እንደምንወስድ ስለተጻፈልን ነው ቀን በቀን የምንጠብቀው። ሣሬን የሚያጭድብኝን እኔው ራሴ እይዘዋለሁ።» ቡና እየቀዳችልን የነበረችው ልጃቸው ቀና ብላ «እናንተ ኮሌጅ ደን ጠባቂ የለም እንዴ?» አለችኝ። የኛ ጠባቂ ጋሼ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ጀነሬተር ሊያስነሡ ወጥተዋል።

ኮሚቴው ፊት የቀረብኩት ሳምንቱ ሳያልቅ ነው። ሦስት ሰዎች፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ የተማሪ ተወካይ። ጋሼ ለምስክርነት ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ትሑት ሰው ናቸው፤ «እህታችን፣ ማስረጃውን አብረን እናያለን» ብለው ጀመሩ። መጀመሪያ የቀረበው ከ17 ቁጥር ላይ የተወሰደ የፋይል መረጃ ነው፤ ፊልሙ መቼ እንደወረደ ማሽኑ የመዘገበው። ጥር 1 ቀን 2002 ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ፊልሙ ራሱ የተሠራው ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጋሼ አስረዱ፤ እናት ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ከሞተች ቆይታለች፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የማሽኑ ሰዓት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ባትሪዋ የሳንቲም ታህል ነገር ናት። እንዲገዛ ጽፈው ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ ቴክኒሻኑ ከራውተሩ ያወጣው ዝርዝር ነው። ይኼ ጠንካራ ነው፤ የ17 ቁጥር አድራሻ፣ የወረደው መጠን፣ የተጀመረበት ሰዓት ሁሉ አለበት። ሰዓቱ 08፡20 ይላል። ጸሐፊው ብዕራቸውን አስቀመጡና «ስምንት ሰዓት ከሃያ! ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላቡ ዝግ ነው፤ በማን ቁልፍ ገባሽ?» አሉኝ። ልቤ ቀጥ አለ። የተማሪ ተወካዩ እጁን አወጣ፤ «ይቅርታ፣ ይሄ እኮ በፈረንጅ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ማለት ነው።» ይኼ ደግሞ ባሰ፤ ላቡ ሁለት ተኩል ነው የሚከፈተው፤ ሳይከፈት ገብቻለሁ ማለት ሆነ። ሁለት ሰዎች አንድ ቁጥር አንብበው በስድስት ሰዓት ይለያያሉ፤ በሁለቱም ግን እኔ ሰብሬ የገባሁ ነኝ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጋሼን አዩ። ጋሼ ተነሥተው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። «ይህ ራውተር ከተገዛ ወዲህ ሰዓቱ አልተስተካከለም። የሚቆጥረው በግሪንዊች ነው። እኛ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ሦስት ይደመርበት፤ በፈረንጅ አሥራ አንድ ከሃያ፤ በኛ አምስት ከሃያ። መብራት የሄደው አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ጀነሬተር የተነሣው አምስት ሰዓት ሊል ሲል ነው። እኔ ራሴ ነኝ ያስነሣሁት።»

ጸሐፊው አልለቀቁም፤ «አምስት ከሃያ ላይ አለመኖሯን በምን እናውቃለን? መዝገቡ ላይ ወጣች አይልም።» እውነታቸውን ነው፤ አይልም፤ ዓምዱ የለማ። ስልኬን አወጣሁ። ቴሌብር ለእያንዳንዱ ክፍያ መልእክት ይልካል፤ ቀኑም ሰዓቱም ሴኮንዱም አለበት። 11፡26፤ ለተበላዋ ባለሱቅ። ጸሐፊው አሁንም በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ፤ አልፈረድኩባቸውም፤ ክፍሉ ውስጥ የተነሡት ሰዓቶች በዝተው ነበር። ሰብሳቢው የራሳቸውን ስልክ አውጥተው ያን ቀን ጠዋት የከፈሉትን አዩና «የአዲስ አበባ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አምስት ከሃያ ስድስት» አሉ። ሶዶ ፊልሙ መውረድ ከጀመረ ስድስት ደቂቃ በኋላ እኔ ተበላ ስኳር እየከፈልኩ ነው። በስድስት ደቂቃ ከሶዶ ተበላ የሚያደርስ ሚኒባስ የለም።

ውሳኔው «በቂ ማስረጃ ባለመገኘቱ ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል ነበር። ስሜ ያለበት ወረቀት ከሰሌዳው ተነሣ። ንጹሕ መሆኔን የሚናገር ወረቀት ግን አልተለጠፈም። ጠይቄያለሁ፤ አሠራሩ የለም ተባልኩ። ለመክሰስ አሠራር ካለ ለመመለስም መኖር አለበት ብዬ በጽሑፍ አስገባሁ፤ ዛሬም ይህን እላለሁ። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ስለ አንድ ሰው መረጃ የሚሰበስብ አካል ለምን እንደሚሰበስበው ለባለቤቱ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። እኔ ሰማያዊው ደብተር ላይ ስሜን የጻፍኩት ማሽን ላገኝበት መስሎኝ ነው፤ ሰሌዳ ላይ እንደሚያስሰቅለኝ የነገረኝ የለም።

ሌላም ሕግ አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወይም ከፈቃድ አልፎ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት የገባን ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ይቀጣል። ከባድ አዋጅ ነው፤ ብዙ ክርክር የተነሣበት ነው። ያ ከባድ አዋጅ እንኳ ሰውየው ሆን ብሎ ማድረጉን ይፈልጋል። የላብ በር ላይ ያለችው ወረቀት ግን ሆን ብለህም አልሆንክም፣ ነበርክም አልነበርክም፣ ስምህ ካለ አንተ ነህ ትላለች። ኮሌጅ ከአገር ሕግ ይበልጥ መጨከኑ ከክፋት አይደለም፤ ሕጉን የጻፈው ሰው ያሰበው ስለ ማሽኑ ብቻ ስለሆነ ነው።

ይኼ የኛ ብቻ ችግር አለመሆኑን ያወቅኩት ኋላ ሳነብ ነው። አሜሪካ ኤምአይቲ የሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ብዙ ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙበትን ኮምፒዩተር የሠራው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ፓስዎርድ ለኮምፒዩተር የዋለው ያኔ ነው ይባላል፤ ሥርዓቱን ይመሩ የነበሩት ፈርናንዶ ኮርባቶ ናቸው። እዚያ አለን ሼር የሚባል የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ነበር የተፈቀደለት። ሥራው አራት ሰዓት አልበቃውም። እ.ኤ.አ. በ1962 የሁሉንም ሰው ፓስዎርድ የያዘውን ፋይል ኮምፒዩተሩ እንዲያትምለት አዘዘና በሌሎች ስም እየገባ ሥራውን ጨረሰ፤ ያመነው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ይህን ሳነብ ያሰብኩት ኮሪደራችን ላይ ቆመው የሚጠብቁትን ነው። የሰዓት እጥረት ሐቀኛውንም ሰው ያጣምማል። እዚያ በሰው ስም የገባ አለ፤ እዚህ በሰው ፊርማ የተቀመጠ።

ከዚያው አገር ደግሞ የተሻለ ነገር አግኝቻለሁ። ዩኒቨርሲቲዎችን ያገናኝ የነበረው ኤንኤስኤፍኔት የሚባል መረብ ነበር፤ እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። የአጠቃቀም ደንቡ አጭር ነው። ሲጀምር መረቡ ለምን እንደተዘረጋ ይናገራል፤ ለትምህርትና ለምርምር። ቀጥሎ የተፈቀዱት ይዘረዘራሉ። ክልክሎቹ መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ሁለት ብቻ፤ ለትርፍ መነገድና ከመጠን ያለፈ የግል ጉዳይ። አጎቴ እንግሊዝኛ አያነቡም። የሁምቦ ደንብና ይኼ ግን አንድ ዓይነት አካሄድ ነው ያላቸው።

ያንን ፊልም ያወረደው ልጅ አልተገኘም፤ እኔም እንዲፈለግ አልገፋሁም። መብራት መጥቶ፣ ማሽን ባዶ ሆኖ፣ ተከፍቶ ያገኘው ይመስለኛል። የሱ ፊልም የሬጅስትራርን መስመር እንደሚያንቅ ሊያውቅ አይችልም፤ ላቡና ሬጅስትራሩ አንድ መስመር እንደሚጋሩ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ራውተሩ ላይ ለየማሽኑ የፍጥነት ገደብ ማበጀት ይቻላል፤ ቴክኒሻኑ ከሰዓት በኋላ በአንድ መቀመጫ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ያ ገደብ ቢኖር ፊልሙ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ የተማሪ ውጤትም ይገባል፣ እኔም ሰሌዳ ላይ አልወጣም ነበር። ጋሼ በበኩላቸው ደብተሩን በማስመሪያ አንድ ዓምድ ጨመሩበት፤ «የወጣበት ሰዓት»። ማንም ሳያዛቸው ነው። ለእያንዳንዱ ገጽ በእጃቸው ሲያሰምሩ ብዙ ቅዳሜ ፈጀባቸው፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አስምሬያለሁ።

አሁን ተበላ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አነስ ያለች ላብ አለችን። ደንቧን ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን ነው የጻፍነው። የመጀመሪያው መስመር እዚህ ምን መሥራት እንደሚቻል ይናገራል፤ መጻፍ፣ መፈለግ፣ ለፈተና መለማመድ፣ የሠሩትን ይዞ መሄድ። በወላይትኛም በአማርኛም መጻፍ እንዲቻል ኪቦርዶቹ ተከፍተዋል። ለየክልከላው ምክንያቱ ከጎኑ አለ። ትምህርት ቤቱ ያለበት ግዴታ ደግሞ ለብቻው ተጽፏል፤ ለያንዳንዱ ተማሪ የራሱ መግቢያ፣ የፍላሽ ማጣሪያ ማሽን፣ ተከስሶ ነጻ ለወጣ ልጅ በዚያው ሰሌዳ ላይ በዚያው መጠን የሚለጠፍ ወረቀት።

ያልተስማማነው በፊልም ላይ ነው። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ አርብ ከትምህርት በኋላ መስመሩ ሥራ ሲፈታ ለምን አይፈቀድም ብላ ተከራከረችኝ። መስመሩ በወር የተከፈለበት ነው፣ ሌሊቱን ባዶ ያድራል፣ እንግሊዝኛ የምሰማው ከፊልም ነው አለችኝ። ወንዶቹ ደገፏት። ርእሰ መምህሩ አይሆንም ብለዋል። እኔ ወደ እሷ ነኝ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት የሚሆን ጊዜ፣ የፍጥነት ገደብ ተበጅቶለት፣ ማን እንደተቀመጠ በራሱ መግቢያ እየታወቀ ቢፈቀድ ጉዳት አላይበትም። ሐሙስ የወላጆች ስብሰባ አለ፤ ነገሩን እዚያ አቀርበዋለሁ። አጎቴንም ጠርቻቸዋለሁ።